የፊት አክስል ስትገዙ ዓይናችሁን ከዕቃው ላይ እንዳታነሱ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ቅዳሜ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ 18,500 ብር ከፍዬ ለመኪናዬ የፊት አክስል፣ ማለትም ከካምቢዮ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ገዛሁ። እሁድን ሙሉ መኪና ስር ተኝቼ ገጠምኩት። ዛሬ ሰኞ ያንኑ አክስል ተሸክሜ ወደ ሱቁ ተመለስኩ፣ ሰው ፊት አዋርደው አባረሩኝ። እጄ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም እስካሁን አልለቀቀም።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ናት። ፉል ታይም ፎር ዊል የሚሉት ዓይነት፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚጎትትበት። ከሁለት ወር ወዲህ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ ስነሳ ከግራ የፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ይህን ድምጽ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም፣ የውጭው ሲቪ ጆይንት፣ አክስሉ ጎማው ጋ የሚተጣጠፍበት መጋጠሚያ፣ አልቋል ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጆይንቱን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዶ ግሪሱ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቷል። ላስቲኩ ከተቀደደ አቧራና ጭቃ ይገባል፣ በጆይንቱ ውስጥ ያሉት የብረት ኳሶች የሚመላለሱበትን ቦይ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ግሪስ ብትሞላውም ዋጋ የለውም። አክስሉን መቀየር ነው።

ጋራዥ ለእጅ ብቻ የጠየቁኝ ገንዘብ አልተዋጠልኝም። ሥራውን ደግሞ ከዚህ በፊት በሌላ መኪና ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ዕቃውን ራሴ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ልቀይረው ወሰንኩ። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም።

የሰፈሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ገና ከታክሲ ሳትወርድ ደላላው ክንድህን ይዞ «የምን መኪና ነው ወንድሜ?» ይልሃል፣ አንዱ ሱቅ ያስገባሃል፣ ባለሱቁ በርጩማ ያቀርብልሃል። እኔም እንደዚያው ገባሁ። ባለሱቁ ጨዋ የሚመስል፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ አክስል አውርዶ እግሬ ስር አስቀመጠው። «የዱባይ ነው፣ ከመኪናው ላይ የተፈታ፣ እጅ ያልነካው» አለኝ።

እውነትም ያ አክስል ጥሩ ነበር። ይህን ደጋግሜ የምለው ስለሚያንገበግበኝ ነው። አገላበጥኩት። በአንድ እጄ ዘንጉን ይዤ በሌላው የውጭውን ጆይንት ወዲያና ወዲህ ጠመዘዝኩት፣ ምንም አይላወስም። ላስቲኩ የፋብሪካው ነው፣ ላስቲኩን የሚያስረው ፋሼታም የፋብሪካው ነው። በካምቢዮ በኩል ባለው ጆይንት ላይ አውራ ጣት የምታክል የቢጫ ቀለም ምልክት ነበረችው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት። «ንጹህ ነው፣ ውሰደው» አለኝ።

24,000 ብሎ ነበር፣ 18,500 ላይ ተስማማን። ደረሰኝ ስለው «ደረሰኝ ካልክማ ቫቱን 15 በመቶ ትጨምራለህ» አለኝ። ተውኩት። ወደ 2,800 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ። «በቴሌብር አድርግልኝ፣ ልጁ እስከዚያ ያሽግልህ» አለ። ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን እያንዳንዷን እየለየ ቀስ ብሎ ይነግረኛል፣ አንዴ ተሳስቶ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ኔትወርኩ ይሽከረከራል። ሚስጥር ቁጥሬን እንዳያዩብኝ ስልኩን ደረቴ ላይ አስጠግቼ አቀረቀርኩ። ልጁ አክስሉን አንስቶ በጀርባዬ በኩል ሲያልፍ ጫማው ሲሸረተት ሰምቻለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ፕላስተር ጭርር ጭርር ሲል ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጁ በማዳበሪያ የተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ፕላስተር የተጠመጠመበት አክስል ይዞ መጣ። ክብደቱ ያው ነው፣ ርዝመቱ ያው ነው። ባለሱቁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በል በርታ ወንድሜ፣ ተጠቀምበት» አለኝ። ለልጁ 50 ብር ጉርሻ ሰጠሁት። በገዛ እጄ!

እሁድ ጠዋት ማዳበሪያውን ስቀደው የአዲስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ስይዘው ጣቶቼ ጠቆሩ። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። ቅዳሜ የያዝኩት አክስል እጅ አያጠቁርም ነበር። እኔ ግን «እንዳይዝግ ቀባብተውት ይሆናል» ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የተታለለ መሆኑን ለማመን ምን ያህል እንደሚከብደው ያኔ ነው የገባኝ። የላስቲኩንም ፋሼታ አይቻለሁ። የሚያብረቀርቅ፣ ትናንት የታሰረ ፋሼታ ነበር። ዝም ብዬ አለፍኩት።

ሥራው እንደምታውቁት አድካሚ ነው። ጎማው መሬት እንደያዘ ዳዶዋ እንዳትላላ የሚይዛትን ኮፒሊያ አውጥቼ 30 ቁጥሯን ትልቋን ዳዶ በረዥም ቱቦ ቆሜባት አላላሁ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ማቆሚያ አስገባሁ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ የካምቢዮውን ዘይት አፈሰስኩ፣ የታችኛውን ቦል ጆይንት አላቀቅኩ። የድሮው አክስል ከካምቢዮው አልወጣም ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። የግቢያችን ጥበቃ ጋሽዬ፣ ሌሊቱን ሲጠብቁ ያደሩ ሰው፣ አልተኛም ብለው ከጎኔ ቁጢጥ ብለው ባትሪ ያዙልኝ። አዲሱን ሳስገባ የዘይት መያዣ ጎሚኒው እንዳይቀደድ ትንፋሼን ይዤ ነው ቀስ እያልኩ የገፋሁት። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረግኩት ለቆሻሻ ዕቃ ነው።

አመሻሽ ላይ ዘይቱን ሞልቼ ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ ጸጥ አለች። ደስ አለኝ፣ ጋሽዬም «ተባረክ» አሉኝ። አምስት ኪሎሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ አደባባይ ላይ ሳዞር ቀጭ አለች። ከዚያ ቀጭ ቀጭ። ተመልሼ ግቢ ስደርስ ከድሮውም ብሶባት ነዳጅ ስሰጣት መሪው ድረስ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ጎማውን እንደገና ፈትቼ በባትሪ አየሁ። ቢጫ ምልክቷ የለችም። ስልኬን አውጥቼ የቅዳሜውን ፎቶ አጎላሁት። ቢጫዋ ምልክት አለች፣ የፋብሪካው ፋሼታ አለ። ከፊቴ ያለው ላይ ሁለቱም የሉም። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

ሌሊቱን አክስሉን አውጥቼ ላስቲኩን ከፈትኩት። ውስጡ በወፍራም ግሪስ ታጭቋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ጸጥ ያለችው። ወፍራም ግሪስ ድምጹን ያፍነዋል፣ ሲሞቅና ሲላላ ግን ያው ያለቀ ጆይንት ነው። በጨርቅ ስጠርገው ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ጥፍሬ እስኪገባበት ድረስ ተቦርቡሯል። ኳሶቹን የሚይዘው ቀለበት አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ይሄ በፍጥነት መንገድ ላይ ቢበታተን ኖሮስ? ከኋላ ወንበር ላይ ልጆቼ ናቸው የሚቀመጡት።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደርሼ ጠበቅኩ። ባለሱቁ ሲያየኝ አላወቀኝም። ወይም አላወቀኝም አለ። ፎቶውን አሳየሁት። «ይሄ የእኔ ሱቅ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አለኝ። ከኋላ ያለውን መደርደሪያ አሳየሁት፣ ፎቶው ላይ አለ። «ደረሰኝ አለህ?» የለኝም። የቴሌብሩን መልእክት አሳየሁት። የተቀባዩን ስም አንብቦ «ይሄ እኮ የእኔ ስም አይደለም» አለኝ። ቁጥሩን ራሱ እየቆጠረ ነግሮኝ! ከዚያ አክስሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ከፍተህ በታትነኸዋል። ሜካኒክ ሳትሆን ቤትህ ትነካካለህ፣ ስታበላሽ እኛ ላይ ትመጣለህ» አለ። ያ 50 ብር የሰጠሁት ልጅ ሳቀ። ደላላው ሳቀ። ባለሱቁ ምንም ሳይናገር ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመኝ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ቅዳሜ ያቀረበልኝን በርጩማ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። ለዚያ ሰው «ተጠንቀቅ» ብዬው ነው የወጣሁት። ሰማኝ አልሰማኝ አላውቅም።

ገንዘቡ ያመኛል። ከገንዘቡ በላይ ግን ያ ሳቅ ነው ያመመኝ። ቤቴ ውስጥ በእጄ መሥራቴን እንደ ጥፋት ቆጥረው ነው የሳቁብኝ። አገጣጠሜ ላይ አንዲት ስህተት የለም። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ያንን መብቴን በ2,800 ብር የለወጥኩት እኔው ነኝ። ፎቶውንና የቴሌብሩን መልእክት ይዤ ነገ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ።

ለምትገዙ ሰዎች፦ የድሮውን አክስል ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ አጠገቡ አስተኝታችሁ ርዝመቱንና ጥርሱን አስተያዩ። የመረጣችሁት ላይ በማርከር ፈርሙበት፣ ሲታሸግም ከእጃችሁ አይውጣ። ከመክፈላችሁ በፊት ታክሲ ውስጥ ይግባ። አዲስ ቀለም የሸተተ ወይም ፋሼታው ብቻ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አትንኩት።

በቅርብ ጊዜ ከዚያ አካባቢ የተጠቀለለ አክስል ገዝታችሁ የገጠማችሁ ደግሞ፣ ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ላስቲኩን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። የእኔን የተሰነጠቀውን ቀለበት አላጠብኩትም፣ ከነግሪሱ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።