ከአክሲስ 1 ለመውጣት፦ አክሲስ 2፣ ሲኤክስኤፍ ወይስ ሜትሮ?

አክሲስ 1 የጃቫ ፕሮግራሞች ከሌሎች ሥርዓቶች አገልግሎቶች ጋር በኤክስኤምኤል መልእክት እንዲነጋገሩ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የመጨረሻው ስሪቱ፣ ማለትም 1.4፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ቢሆንም በእሱ የመነጨ የጃቫ ኮድ ተሸክመው ዛሬም የሚሠሩ ሥርዓቶች አሉ። እነዚህን ወደ አዲስ መሣሪያ ለማሻገር ሲሞከር መጀመሪያ የሚሰበረው ከደብሊውኤስዲኤል ሰነዱ፣ ማለትም የአገልግሎቱን መልእክቶች ከሚዘረዝረው ውል፣ የሚመነጨው ኮድ ነው። እዚህ የማነጻጽራቸው ሦስቱ መሣሪያዎች ያለ ክፍያ የሚገኙ በመሆናቸው ወጪው ያለው በፈቃድ ላይ ሳይሆን በባለሙያ የሥራ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫውን በአንድ ጥያቄ መመዘን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የመነጨው ኮድ ስላመነጨው መሣሪያ የውስጥ አሠራር ምን ያህል ያውቃል?

አክሲስ 2 በዚህ ሚዛን ከባዱ ነው። ነባሪው የዳታ ማያያዣው (የጃቫ ዳታን ከኤክስኤምኤል ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ኤዲቢ ለእያንዳንዱ የስኬማ (የዳታውን ቅርጽ የሚደነግገው የውሉ ክፍል) ዓይነት ኤክስኤምኤል የሚጽፍና የሚያነብ ኮድ በክላሱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይህም ኮድ የአክሲስ 2ን የራሱን ረዳት ክላሶች በቀጥታ ይጠራል። በልዩ አማራጭ ካልተነጣጠሉ በስተቀር የዳታ ክላሶቹ ሁሉ በአንድ የስተብ (አገልግሎቱን የሚጠራው ክላስ) ፋይል ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ፋይሉም ለማንበብ እስኪያስቸግር ድረስ ይገዝፋል። ላይብረሪውን ከፍ አድርጎ የድሮውን የመነጨ ኮድ እንዳለ መተው እዚህ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አመንጪውና ላይብረሪው ምንጊዜም አንድ ስሪት መሆን አለባቸው። በሌላ በኩል ኤዲቢ የቀንና ሰዓት ዓይነትን እንደ አክሲስ 1 ወደ ካሌንደር ክላስ ስለሚለውጥ የነባሩ ኮድ የተወሰነ ክፍል ሳይነካ ሊቀር ይችላል።

ሲኤክስኤፍና ሜትሮ ሁለቱም የጃክስ ደብሊውኤስንና (የጃቫ ዌብ አገልግሎት) የጃክስቢን (የጃቫና የኤክስኤምኤል ማያያዣ) መስፈርት ይከተላሉ። የሚያመነጯቸው ክላሶች አኖቴሽን (ለላይብረሪው መመሪያ የሚሰጥ ምልክት) የተለጠፈባቸው ተራ የጃቫ ክላሶች ናቸው፤ ኤክስኤምኤሉን የማንበብና የመጻፍ ሥራ የላይብረሪው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል የሆነው፣ በተከታታይ ስሪቶች መካከልም ኮዱ እምብዛም የማይሰበረው ስለዚህ ነው። ትልቁ እንቅፋት የፓኬጅ (የክላሶች ስብስብ) ስሞች ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ መቀየራቸው ነው። ሲኤክስኤፍ 3 በጃቫክስ፣ ሲኤክስኤፍ 4 ደግሞ በጃካርታ ስም ይሠራሉ፤ 4ኛው ቢያንስ ጃቫ 17 ይጠይቃል። በሜትሮም በኩል ለውጡ የመጣው በ3ኛው ስሪት ነው። አመንጪው የአንዱን ስም፣ ላይብረሪው የሌላውን ይዞ ከተገኘ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም፤ ሁለቱም ስሞች በአንድነት ከገቡ ደግሞ ኮምፓይል ሆኖም በሥራ ላይ አኖቴሽኖቹን የሚያያቸው አይኖርም።

ልዩነቱ በተግባር የሚታይበትን አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንመልከት። በውሉ ውስጥ «ሁለተኛ ስልክ» የሚባል የጽሑፍ ኤለመንት አለ እንበል፤ መቅረትም ይችላል፣ ባዶ ተብሎ መላክም ይችላል። የደንበኛን መረጃ በሚያድስ አገልግሎት ላይ መቅረቱ «ያለውን አትንካ»፣ ባዶ መሆኑ ደግሞ «ያለውን ሰርዝ» ማለት ሊሆን ይችላል። ኤዲቢ ሴተሩ (ዋጋውን የሚያስገባው የኮድ ክፍል) መጠራት አለመጠራቱን ይመዘግባል፤ ካልተጠራ ኤለመንቱን ይተወዋል፣ በነል (ያለ ዋጋ) ከተጠራ ባዶ አድርጎ ይልከዋል። ጃክስቢ ግን ለዚህ ኤለመንት ተራ ስትሪንግ ሳይሆን ጄኤክስቢኤለመንት የሚባል መጠቅለያ ያመነጫል፤ ነባሩ ኮድም በየቦታው የኮምፓይል ስህተት ያወጣል። ብዙዎች በማያያዣ ፋይል (ለአመንጪው መመሪያ በሚጻፍበት ፋይል) አንድ መስመር ጨምረው መጠቅለያውን ያስቀሩታል። ስህተቱ በርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሁለቱን ትርጉሞች መለየት አይቻልም፤ ሳይታወቅም የሰው ስልክ ቁጥር ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ያላቸው ሰዎች መጠቅለያውን ታግሠው እንዲቀበሉት አጥብቄ እመክራለሁ።

የስም ግጭትም ሌላ ሥራ ነው። አክሲስ 1 ሁለት ነገሮች አንድ ስም ሲይዙ በራሱ ቅጥያ እየጨመረ ይለያቸው ስለነበር ነባሩ ኮድ በእነዚያ ባለቅጥያ ስሞች የተሞላ ነው። ጃክስቢ ግን ግጭቱን አስታውቆ ማመንጨቱን ያቆማል። ሲኤክስኤፍም ሆነ ሜትሮ ስሙን በራሳቸው እንዲያስተካክሉ የሚያዝ አማራጭ አላቸው፤ ያም ሆኖ ስሞቹን በማያያዣ ፋይል ራስ መወሰን ይሻላል፤ ውሉ ነገ ሲለወጥ ስሙ እንዳይለወጥ ዋስትና የሚሆነው ይህ ነው።

ከሲኤክስኤፍና ከሜትሮ አንዱን ለመምረጥ የመነጨው ኮድ ብዙ አይረዳም፤ እጅግ ይመሳሰላልና። በስፕሪንግ (የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያ ማዕቀፍ) ለሚሠራና የመልእክት ደህንነት መስፈርቶች ላሉበት ቡድን ሲኤክስኤፍን አስቀድማለሁ። ጥቂት አገልግሎቶችን ብቻ ለሚጠራ ፕሮግራም ሜትሮ ይበቃል። የሜትሮ አመንጪ ከጃቫ 6 ጀምሮ ከጃቫው ጋር ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጃቫ 11 ግን ተነሥቷል። ስለዚህ አመንጪውንም ላይብረሪውንም ለብቻ መጨመር የግድ ነው። አክሲስ 2ን የምመክረው አስቀድሞ በእሱ ላይ ለቆመና በአንድ ጊዜ ሁሉንም ኮድ እንደገና ማመንጨት ለሚችል ቡድን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የደብሊውኤስዲኤል ሰነዱን ከፍቶ የባይንዲንጉን ክፍል፣ ማለትም መልእክቱ የሚጻፍበትን መንገድ የሚወስነውን፣ ማየት ያስፈልጋል። አጻጻፉ አርፒሲ፣ አጠቃቀሙ ደግሞ ኢንኮድድ (የድሮው አጻጻፍ) ከሆነ ሦስቱም አመንጪዎች አይቀበሉትም። ያን ጊዜ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የአገልግሎቱ ባለቤት ውሉን ወደ ዶክዩመንት ሊትራል እንዲቀይር መጠየቅ፣ ወይም አክሲስ 1ን ከሌላው ሥርዓት ለይቶ በአንድ ቀጭን ፕሮግራም ውስጥ ማቆየትና አዲሱን ኮድ ከዚያ ፕሮግራም ጋር ብቻ ማነጋገር።