«ሥጋ አይደለም፣ ሐሞን ነው»

ረቡዕ ነበር። ከሥራ ወጥቼ፣ ስፔን፣ ግራናዳ ከተማ፣ ናቫስ ከሚሉት መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ባንኮኒው ጋ ቆሜ ቲንቶ ዴ ቬራኖ አዘዝኩ። ቀይ ወይን በሎሚ ለስላሳና በበረዶ ነው፤ እኛ ጉደርን በኮካ እንደምንበርዘው። ፍራፍሬ የሚገባበትን ወይን፣ ሳንግሪያውን፣ ለቱሪስት ትተውታል።

ግራናዳ መጠጥ ያዘዘ ሰው ታፓ፣ ማለትም ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ትንሽ ሳህን ምግብ፣ በነጻ ይመጣለታል። ሴቪያ ቢሆን ይከፈልበታል፤ ማድሪድ ደግሞ አምስት ፍሬ ወይራ ጣል ያደርጉና ውለታ እንደዋለ ሰው ያዩሃል። እዚህ የሚመጣው የምር ምግብ ነው። ብቻ የሚመርጥልህ አስተናጋጁ ነው።

ሰውዬው ሳህኑን አስቀመጠልኝ፦ ሐሞን። በጨው ደርቆ የከረመ የአሳማ ታፋ፣ በስሱ ተቆርጦ። ሐሞቴ ፈሰሰ። በጨዋ ደንብ «ይቅርታ፣ ሥጋ አልበላም» አልኩት። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ሐሞን ነው» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም! አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌዎች ሳቁ። ጾሙን ላስረዳ፣ ጾም ባይሆንም አሳማ ቤታችን እንደማይገባ ላስረዳ ብል የሁለት ዓመት ስፓኒሼ ከዳኝ። ሳህኑን አንስቶ ሄደ። ሒሳብ ከፍዬ ልወጣና አንድ ኮከብ ልሰጣቸው ቆርጬ ነበር።

ተመልሶ መጣ። ትኩስ ደበርጃን፣ ቀጫጭን ተቆርጦ በዱቄት የተጠበሰ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ነገር የፈሰሰበት። «ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም» እያለ በጣቱ ቆጠረልኝ። ለካ ገብቶታል።

ጥቁሩን ነገር የአገዳ ማር ይሉታል፤ ንብ የለበትም፣ የሸንኮራ ጭማቂ እስኪጠቁር ተፈልቶ ነው። አረቦች ያመጡት አገዳ እዚሁ ባሕር ዳርቻው ሞትሪል አካባቢ ለዘመናት ይበቅል ነበር። ደበርጃኑ ከላይ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ጨው ይቀድማል፣ ጣፋጩ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ አረር አረር የሚል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጅነቴን ወንጂ ነው ያሳለፍኩት፤ ፋብሪካው ሥራ ላይ ሲሆን ንፋሱ ወደ ሰፈራችን ያመጣው የነበረው ሞላሰስ ነው። ሹካዬን ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ይሳቁ።

ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዝኩ፣ ደበርጃን መጣ። ሦስተኛው ላይ ግን ዘይት የጠጣና የቀዘቀዘ ነበር፤ የመጥበሻው ዘይት እንደደከመ ያስታውቃል።

ዋጋው? ብርጭቆው 2 ዩሮ ከ80፣ አምና 2 ከ20 ነበር። ደጅ ከተቀመጣችሁ ያው ብርጭቆ 3 ከ20 ይሆናል፤ የሚከፈለው ለወንበሩ ነው መሰለኝ። ቁሙ።

አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልናገር ደበርጃኑን ያመጣልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ ጎኔ የቆመው ሰው በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ዶሮ ሲቀርብለት፣ ለእኔ ያው ደበርጃን! ቅዳሜ የፍስክ ቀን ነው ብዬ እንዴት ላስረዳው?