ላፕቶፓችሁ ከሞላ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ፒያሳ ያለችውን ቤት ሞክሩ

ጎንደር ውስጥ "ላፕቶፔ ሞላብኝ" ብላችሁ ብዙ ቦታ ብትሄዱ መልሱ አንድ ነው፤ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ። ፒያሳ ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ የጥገና ቤት ግን እንደዛ አይደለችም።

የኔ ዲስክ 128 ጊጋ ብቻ ነው። ሲ ድራይቩ ቀይ ሆኖ አፕዴት እንኳን አልወርድም ብሎ ነበር። የሚጠግነው ልጅ ምንም ሳያጠፋ መጀመሪያ ዊንዲርስታት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈተ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ በቀለም በቀለም ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ ፋይሉ በተለቀ ቁጥር ሳጥኑም ይተልቃል። ትልልቆቹን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቴሌግራም! ዳውንሎድስ ውስጥ ባለው የቴሌግራም ፎልደር ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ ከክፍል ግሩፕ የወረደው ፒዲኤፍ ሁለት ሦስት ኮፒ እየሆነ ተከምሯል። አንድ በአንድ "ይሄ ይጥፋ?" እያለ ጠየቀኝ። በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የመመረቂያ ጽሑፌም እዛው መሃል ነበር፤ እሱን ለብቻው ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ።

ከዛ ዲስክ ክሊንአፕ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ የድሮውን ዊንዶውስ ቅሪት አጸዳ፤ ይሄ ከጠፋ ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስ እንደማይቻል አስቀድሞ ነግሮኝ ነው። ሃይበርኔትንም (የከፈታችሁትን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን የሚያጠፋውን) አጠፋው። የሱ ፋይል ብቻውን ጊጋዎች ይይዛል፣ እኔ ደግሞ ተጠቅሜበት አላውቅም።

የከፈልኩት ሌላ ቦታ ለፎርማት ከጠየቁኝ ያነሰ ነው። ቅር ያለኝ መቀመጫ አለመኖሩ ነው። ጄኔሬተርም የላቸውም፣ ስለዚህ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪያችሁን ሞልታችሁ ሂዱ።