ለእሳት አደጋ አገልግሎት ኃላፊዎች የተዘጋጀ የ5 ቀን የአመራር ሥልጠና፦ የሰጠኝና የጎደለው

ከእሳት አደጋ ሠራተኛነት ተነሥቶ የፈረቃ ኃላፊ፣ ቀጥሎም የጣቢያ ወይም የመምሪያ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው እሳቱን በሚገባ ያውቀዋል። የሚያስጨንቀው ሹመቱ በደረሰው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ የሚከመርበት ጉዳይ ነው፤ የፈቃድ ጥያቄ፣ የፈረቃ ድልድል፣ የበጀት ረቂቅ፣ ጥገና የሚጠብቅ ፓምፕ፣ ትናንት አብረውት ያደሩትን ባልደረቦቹን ዛሬ የመገምገም ኃላፊነት። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ በመሆኔ፣ በቅርቡ የተከታተልኩትን የአስተዳደርና የአመራር ክህሎት ሥልጠና የምመዝነው ለዚህ ሰው በሰጠው ነገር ልክ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያገኘሁበት በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰጠው የሰው ኃይል ስሌት ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ 4 መቀመጫ ያላት አንዲት የእሳት አደጋ መኪና ሣለና፣ ይህች መኪና ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን 4 ሰው ይዛ እንድትወጣ ስንት ሠራተኛ መቅጠር እንደሚያስፈልግ ጠየቀን። አብዛኞቻችን 16 አልን። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው፤ በሳምንት 42 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 2,184 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ ለአንድ መቀመጫ 4 ሰው የሚበቃ ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው በዓመት ፈቃድ፣ በሕመምና በሥልጠና ምክንያት 300 ሰዓት ያህል ከሥራ ገበታው ይርቃል ብለን እንደገና ስናሰላ ግን ቁጥሩ ለአንድ መቀመጫ 4.65 ገደማ፣ ለመኪናዋ ደግሞ 19 ሰው ሆነ። የጎደሉት 3 ሰዎች በደመወዝ መዝገቡ ላይ ባይኖሩም መቀመጫቸው በየሌሊቱ መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም ከፈረቃው ወጥቶ በቂ እረፍት ሳያገኝ በትርፍ ሰዓት በሚመለስ ሰው ነው፤ ያ ካልተቻለ መኪናዋ በ3 ሰው ትወጣለች። በየበጀት ስብሰባው የትርፍ ሰዓት ወጪው ለምን እንደማይቀንስ ስጠየቅ «ሠራተኛው ከሥራ ይቀራል» እያልኩ ለዓመታት ስመልስ ኖሬአለሁ። ሰሌዳውን እያየሁ ሠራተኞቼን ያለ ጥፋታቸው ስከስስ እንደነበር ገባኝ።

ስለ አደጋ ስፍራ የዕዝ ሥርዓት የተሰጠው ትምህርት ለአብዛኛው ሠልጣኝ ክለሳ ነበር። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ ከተነሣው ከባድ ሰደድ እሳት በኋላ፣ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በአንድ እሳት ላይ ተሰልፈው በቃልም በሬዲዮም መግባባት ስላቃታቸው የተዘጋጀ መሆኑን፣ አንድ ኃላፊም በቀጥታ ሊቆጣጠር የሚገባው ከ3 እስከ 7፣ ቢቻል 5 ሰው መሆኑን አስቀድመን እናውቅ ነበር። ይህንኑ ልኬት ወደ ቢሮ ማምጣታቸው ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። እያንዳንዳችን በቀጥታ ለእኛ ተጠሪ የሆኑትን ሰዎች እንድንቆጥር ተደረገ፤ የፈረቃ ኃላፊዎቹ፣ መካኒኩ፣ ንብረት ክፍሉ፣ የጥሪ ማዕከሉ፣ የቅድመ መከላከል ተቆጣጣሪዎቹ ተደምረው እኔ ዘንድ 11 ሆኑ። እሳት ላይ ቢሆን ይህን ያህል ሰው በአንድ አዛዥ ሥር እንዲሆን ፈጽሞ አልፈቅድም።

በሦስተኛው ቀን የቀረበው የዉስተር አደጋ ክፍሉን ጸጥ ያሰኘ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ፣ መስኮት አልባ ሊባል በሚችል አሮጌ የቀዝቃዛ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቤት አልባ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ ተብሎ ፍለጋ ከገቡት መካከል 2 የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭሱ መካከል መውጫው ጠፋባቸው፤ እነርሱን ፍለጋ ከገቡትም 4 ሰዎች አልተመለሱም። የሚፈለጉት ሰዎች አስቀድመው ከሕንፃው ወጥተው ነበር። ገና ሊገቡ የተዘጋጁትን ሠራተኞች የወረዳ አዛዡ ማይክ ማክናሚ በሩ ላይ ቆሞ አገዳቸው። አሠልጣኙ ታሪኩን በዚሁ ገታና እያንዳንዳችን በዚያ በር ላይ ብንቆም የምንናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ ጠየቀን። ቀጥሎ የመጣው ውይይት ግን ከልምምዱ ይልቅ ጠቀመኝ፤ እንዲህ ያለ አዛዥ ከዚያ ሌሊት በፊት ከአስተዳዳሪው ምን ማግኘት ነበረበት? መቼ መግባት፣ መቼም መውጣት እንደሚገባ የሚደነግግ የተጻፈ መመሪያ፣ ማን የት እንዳለ የሚያሳይ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ «አይሆንም» ያለ አዛዥ በማግሥቱ ብቻውን እንደማይቀር በግልጽ የተነገረ ቃል። እነዚህ ሁሉ በቢሮ ሰዓት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

የበታች ሠራተኛ አለቃውን እንዴት ያስጠነቅቃል የሚለው ክፍል ከአቪዬሽን የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 ፖርትላንድ አጠገብ የወደቀው ካፒቴኑ በአውሮፕላኑ የማረፊያ ጎማ ብልሽት ተጠምዶ ሳለ ነዳጁ በማለቁ ሲሆን፣ 10 ሰዎች ሞተዋል። የነዳጁ ነገር በበረራ ክፍሉ ውስጥ ተነሥቶ ነበር፤ የተነገረው ግን ካፒቴኑን ከሐሳቡ በሚያናውጥ አኳኋን አልነበረም። ሥልጠናው ለዚህ ያስተማረን አነጋገር ቀላል ነው፤ ሰውየውን በማዕረጉ ጥራ፣ ያየኸውን ተናገር፣ የምትሰጋውን ግለጽ፣ መፍትሔ አቅርብ፣ ስምምነቱን ጠይቅ። «አዛዥ፣ ጣሪያው እየጎበጠ ነው፤ ውስጥ ባሉት ላይ ይወድቃል ብዬ እሰጋለሁ፤ አሁኑኑ ይውጡ፤ ይስማማሉ?» በልምምዱ ላይ አዛዥ ሆኖ የተሰየመው ሰው «አይቻለሁ» ብሎ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ጣሪያውንም ፈጽሞ አላየሁትም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሥልጠናው ጥራት ይወርዳል። የአራተኛው ቀን ግማሽ ያለቀው ጠባያችንን በ4 ሣጥን የሚከፍል መጠይቅ በመሙላት ነው፤ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደገባሁ ዛሬ ብጠየቅ አላስታውስም። የቀድሞ ባልደረባን መገምገምና መቅጣት፣ ማለትም ለአዲስ ተሿሚ ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ፣ ያገኘው ጊዜ 40 ደቂቃ ብቻ ነበር።

የምላሽ ጊዜን በሚመለከት ደግሞ የቀረበው አቀራረብ ስሕተት ነው ባይ ነኝ፤ ሁሉም ምሳሌዎች የተሠሩት በአማካይ ነውና። ከ10 ጥሪዎች 9ኙ በ4 ደቂቃ፣ አንዱ በ14 ደቂቃ ምላሽ ቢያገኙ አማካዩ 5 ደቂቃ ይሆናል፤ 14 ደቂቃ የጠበቀው ቤት ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ኤንኤፍፒኤ 1710 የተባለው መስፈርቱ ለእሳት ጥሪ ሠራተኞቹ ተዘጋጅተው እስኪነሡ 80 ሰከንድ፣ ለመጀመሪያዋ መኪና 240 ሰከንድ ጉዞ ሲሰጥ ግቡን የሚለካው ቢያንስ በ90 በመቶው ጥሪ መሟላቱን በማየት ነው። ለበጀት ሰጪው አካል የምላሽ ጊዜ ሪፖርት የሚያቀርብ ኃላፊ ይህን ልዩነት ሳይማር ከሥልጠና መውጣት አልነበረበትም።

የሠራተኛ ጤናም በጥድፊያ ታልፏል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኛነትን ካንሰር በሚያስከትሉ ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ለአስተዳዳሪው የግዥ ጉዳይ ነው፤ የቆሸሸው ሲታጠብ የሚለበስ ሁለተኛ የመከላከያ ልብስ፣ የማጠቢያ ማሽን፣ ልብሱ ከመኝታ ክፍል ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ በበጀት መያዝ አለባቸው። በሥልጠናው የተነገረን «ስለ ንጽሕና ሠራተኞቻችሁን አሳስቡ» የሚል ብቻ ነው።

እንዲህም ሆኖ በቅርብ ለተሾመ ኃላፊ ሥልጠናውን እንዲወስድ እመክራለሁ፤ ለብዙ ዓመት ዕዝ ላይ የቆየ ሰው ከተፈቀደለት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ብቻ ቢገኝ አይጎዳም። የሚሄድ ሰው ያለፈውን ዓመት የፈረቃና የፈቃድ መዝገብ ይዞ ይሂድ። እኔ ባዶ እጄን በመሄዴ የራሴን ጣቢያ ያሰላሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ለ2 መኪናዎች 38 ሰው ሲያስፈልገኝ ያለኝ 32 ነው። የ6ቱ ሰዎች ጥያቄ ከነስሌቱ በዚህ ዓመት የበጀት ረቂቅ ውስጥ ገብቷል።