ጠርዝን መልቀቅ፦ በባሕር ዳር የሚሰጠው የውሃ ቀለም የቁም ምስል ትምህርት

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ስቱዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የውሃ ቀለም የቁም ምስል ትምህርት ተከታትዬ ስላጠናቀቅሁ፣ ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው ቢያውቁት የሚበጃቸውን እጽፋለሁ። ትምህርቱ ፎቶግራፍ የሚመስል ሥዕል ማውጣትን አያስተምርም። ዓላማው በጥቂት የብሩሽ ምት፣ በብዙ ውሃና በድፍረት የአንድን ሰው መልክና ጠባይ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። በእርሳስ ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊከብደው ይችላል፤ እኔ ግን እስካሁን ከተማርኋቸው የሥዕል ትምህርቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ትልቁ ብልጫው ከምናውቀው የሥዕል ባህል መነሣቱ ነው። ጎጃም ውስጥ ያደግን ብዙዎቻችን የተሣለ የሰው ፊት መጀመሪያ ያየነው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። በዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በመሳሰሉት አድባራት እንደሚታየው፣ በነባሩ የአሣሣል ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጎልተውና ዙሪያቸው በጥቁር መሥመር ተከቦ ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። መምህሩ ይህን ሥርዓት በአክብሮት ያስጠናል። ከዚያም መሥመሩ ይሠራ የነበረውን ሥራ በውሃ ቀለም የብርሃንና የጥላ ልዩነት እንዴት እንደሚረከበው ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ጥላ የወደቀበት ጉንጭ ከኋላው ካለው መደብ ጋር እኩል የጠቆረ ከሆነ በመካከላቸው መሥመር አይሰመርም፤ ሁለቱ ቀለሞች እርጥብ እንዳሉ ተገናኝተው እንዲዋሐዱ ይተዋሉ፣ የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል። ጠርዝ የሚጠነክረው ዓይን እንዲያርፍበት በሚፈለገው ቦታ ብቻ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ሽፋሽፍት፣ የአፍንጫ ሥርና የከንፈር መገጣጠሚያ ነው። ለዚህ አብነት ሆኖ የሚቀርበው አሜሪካዊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት (1856–1925 እ.ኤ.አ.) ነው። የብሩክሊን ሙዚየም በ1909 እ.ኤ.አ. 83 የውሃ ቀለም ሥራዎቹን በአንድ ጊዜ የገዛለት ይህ ሠዓሊ፣ ቤዱዊኖችን (የበረሃ ዘላን ዓረቦችን) በሣለበት ሥራው ፊታቸውን ጠንቅቆ ልብሳቸውን በጥቂት ሰፋፊ ምቶች ማለፉን በኅትመት ቅጂ እያዩ መመርመር ብቻውን የአንድ ቀን ትምህርት ያህል ይጠቅማል።

የቆዳ ቀለም አሠራሩም በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች የሚነሡት ከነጭ ሰው ቆዳ ስለሆነ፣ ጠይም ፊት ለመሣል የሚሞክር ተማሪ ጥቁር ቀለም እየጨመረ ያጨቀየዋል። እዚህ ግን ጥቁር ቀለም ከሳጥኑ ይወጣል። የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡኒ) እና አሊዛሪን ክሪምሰን (ደማቅ ጥቁር ቀይ) ለቀይ ዳማውም ለጠይሙም መነሻ ይሆናሉ፤ ጥላው የሚጠቁረው በርንት ሲየና ላይ አልትራማሪን ሰማያዊ ሲጨመር ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እንደ መጠናቸው ከሞቃት ቡኒ እስከ ቀዝቃዛ ግራጫ ስለሚሰጡ፣ በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ሰማያዊ የሰማይ ብርሃን ለማሳየትም ያገለግላሉ። ነጭ ቀለምም አይፈቀድም። ነጠላ የለበሰች ሴት ስትሣል ነጠላው ያልተነካ ወረቀት ነው፤ የሚሣለው የእጥፋቱ ጥላና ጥለቱ ብቻ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ በወረቀቱ ላይ ነው። ቀለምና ብሩሽ በክፍያው ውስጥ ሲካተቱ፣ ለመለማመጃ የሚታደለው ወረቀት ግን ስስ ከመሆኑ የተነሣ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም በጉድጓዶቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃ በብዛት በሚፈስበት የአሣሣል ስልት በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ወረቀት እርጥበቱን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ ጠርዝን ለማለስለስ ፋታ ይሰጣል። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት፣ ስሱ ወረቀት ተማሪው ገና ብሩሹን ሲያጥብ ይደርቅበታል፤ ተማሪውም ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። ከአዲስ አበባ በሰው አስልካችሁም ቢሆን ጥቂት ጥሩ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ አንዱን ቅጠል ለአራት ቆርጦ በሁለቱም ገጽ መሥራት ይቻላል።

ሰው ተቀምጦ የሚሣልበት ክፍለ ጊዜ ወደ ማብቂያው መገፋቱም አልተስማማኝም። ከፎቶግራፍ የሚሠራ ተማሪ እያንዳንዱን የሹሩባ ጉንጉን ለመቁጠር ይፈተናል፤ የተቀመጠው ሰው ግን ይንቀሳቀሳል፣ ይደክመዋል፣ ስለዚህ ሠዓሊው ዋናውን ቶሎ ለመምረጥ ይገደዳል፤ ትምህርቱም የሚሻው ይህንኑ ነው። በእኛ ዙር አንዲት ጋቢ የደረቡ እናት የተቀመጡልን ዕለት፣ እስከዚያ ድረስ ፈራ ተባ ይሉ የነበሩት ሁሉ ከቀደመው ሥራቸው እጅግ የላቀ ሥራ ይዘው ወጥተዋል። መምህሩ ይህን ወደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያመጣው ትምህርቱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሐሳቡን ነግሬው በቅንነት ተቀብሎኛል።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ነው፤ በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ሥራ በተናጠል ይታረማል። የመስኮቱ ብርሃን የሚያምረው ጠዋት ነውና፣ ምርጫ ከተሰጣችሁ የጠዋቱን ፈረቃ ያዙ። ከመራዊና ከዳንግላ የሚመላለሱ ተማሪዎችም ይህንኑ ይመርጣሉ፤ ከትምህርት በኋላ መኪና ለመያዝ ሰፊ ጊዜ ይተርፋቸዋል።