ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ ወይስ ጎ? ለትልቅ ድርጅት የባክኤንድ ቋንቋ ምርጫ

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች አዲስ ሥርዓት ሲታሰብ፣ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍጥነት ነው። በእኔ እምነት ግን ሊቀድሙ የሚገባቸው ጥያቄዎች ባክኤንዱ፣ ማለትም ከተጠቃሚው እይታ ጀርባ ሆኖ ስሌቱንና መዝገቡን የሚያካሂደው ክፍል፣ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ገንዘብን እንዴት እንደሚያሰላና የገዙት እትም እስከ መቼ እንደሚደገፍ የሚመለከቱት ናቸው።

ከገንዘቡ እንጀምር። ኮምፒውተር በተለመደው የአስርዮሽ ቁጥር አያያዙ 0.1ን እንኳ በትክክል ማስቀመጥ ስለማይችል፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የወለድ ስሌቶች ላይ ሳንቲሞች ይዛነፋሉ። ሲ ሻርፕ ለዚህ ዴሲማል የተባለውን፣ ቢያንስ 28 አኃዝ በትክክል የሚይዝ የቁጥር ዓይነት ከቋንቋው ጋር አብሮ ሰጥቷል፤ አጻጻፉም ከተራ ስሌት አይለይም። የጃቫ ቢግ ዴሲማልም ያንኑ ያህል አስተማማኝ ነው፤ ኮዱ ግን ይረዝማል። ጎ በመደበኛ ላይብረሪው (ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣው የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ለዚህ የተዘጋጀ ዓይነት ስለሌለው፣ ቡድኑ የውጭ ላይብረሪ መምረጥ ወይም ሁሉንም በሳንቲም በሙሉ ቁጥር መያዝ ይኖርበታል። ለሒሳብ መዝገብ ሥርዓት ይህን ቀላል ጉድለት አድርጌ አላየውም።

የቀን መቁጠሪያው ጉዳይም አለ። ጳጉሜን ያካተተውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሦስቱ አንዱም በመደበኛ ላይብረሪው አልያዘም፤ ለጃቫ ግን ስሪ ቴን ኤክስትራ የተባለው ነፃ ላይብረሪ አዘጋጅቶታል። የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 ለሚከፍት መሥሪያ ቤት ይህ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በድጋፍ ረገድ፣ ማይክሮሶፍት ለረጅም ጊዜ የሚደገፉትን የዶት ኔት (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) እትሞች የስህተትና የደህንነት ማስተካከያ እየለቀቀ ለ3 ዓመት ይደግፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጃቫ 21 የመሰሉ እትሞች ደግሞ ከተለያዩ አቅራቢዎች ከዚያ የረዘመ ድጋፍ ያገኛሉ። የጎ እትም ድጋፍ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የተኳኋኝነት ቃል (የድሮ ኮድ በአዲስ እትምም እንዲሠራ የተገባው) ማሻሻሉን ቀላል ያደርገዋል።

የውጭ ምንዛሪ የሚያሳስበው ገዢ፣ የጃቫ ባለቤት የሆነው ኦራክል ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጃቫ ደንበኝነትን ክፍያ በጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር እንደሚያሰላ ይወቅ፤ ኦፕን ጄዲኬ የተባለው ክፍት የጃቫ ቅጂ ግን ያለ ክፍያ ይገኛል። ዶት ኔትም ነፃ ሲሆን በሊኑክስ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ አዲስ ለሚጀምር ትልቅ ድርጅት ጃቫን በኦፕን ጄዲኬ፣ ሥራው በማይክሮሶፍት ምርቶች ላይ ለቆመ ደግሞ ሲ ሻርፕን እመክራለሁ። ጎ ጥቂት ሜሞሪ ይዞ ብዙ ጥያቄ ስለሚያስተናግድ፣ ክፍያ ተቀብሎ ለሚያስተላልፈው ክፍል ቢመደብ ይሻላል።