ሞስኮ ለትምህርት የመጣችሁ ልጆች፣ ጃኬት ሳትገዙ ይቺን አንብቡ

ብርዱ ሳይገባ ጃኬት ልግዛ ብላችሁ ከከተማው ዳር ወዳሉት የጅምላ ገበያዎች ልትሄዱ ነው አይደል? ሂዱ፣ ከሞል ይረክሳል። ግን በአፍ በተባለ ዋጋ ብቻ ገንዘብ እንዳታወጡ።

ባለፈው ከአንዲት አዲስ ተማሪ ጋር ሄጄ ነበር። ጃኬቱ ላይ በእስክሪብቶ 2500 ሩብል ተጽፏል። «ስኮልካ ስቶይት?»፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ስትል ሻጩ ወረቀቱን አሳያት። ለካ ከቁጥሩ ሥር በደቃቁ «ኦፕት» ይላል፣ የጅምላ ዋጋ። ለአንድ ፍሬ 3800 መሆኑን የሰማችው ጃኬቱ ታጥፎ ፌስታል ከገባ በኋላ ነው። ይሉኝታ ይዟት ከፈለች፣ ያውም በስልክ ቁጥር ባንክ አስተላልፋ፣ ያለ ደረሰኝ። ዚፑ በሳምንቱ ተገነጠለ። ሰውየው ደግሞ «ከኔ አልገዛሽም» ብሎ ድርቅ አለ።

ስለዚህ ገና ሳትለኩት «ኦፕት ኢሊ ሮዝኒትሳ?» በሉ። ሮዝኒትሳ ችርቻሮ ነው። ከዚያ ስልካችሁን ስጡትና ቁጥሩን ራሱ ይጻፍላችሁ፤ ምክንያቱም ፒትናትሳት 15፣ ፒዲስያት 50 ነው፣ በዚያ ጫጫታ ማን ይለየዋል? «ፓልታሪ»፣ አንድ ተኩል፣ ካለ 1500 ማለቱ ነው፣ «ሺ» የምትለዋን ይውጧታል።

ከተወደደባችሁ «ዶረጋ»፣ ውድ ነው፣ በሉና ዝም። ብዙ አታስረዱ። «ፓዲሼቭለ ሞዥና?» ቀንሱልኝ ነው። አሁንም እምቢ ካለ «ምኜ ኒ ፓ ካርማኑ»፣ አቅሜ አይችልም፣ ብላችሁ መንገድ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠራችሁ ያኔ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት፣ ካሸሯ ታፈጥባችኋለች።

እዚያ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። በትልቁ የተጻፈው ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሱቁ ካርድ ላለው ሰው ነው፣ የእናንተ ዋጋ ጥጉ ላይ በደቃቁ አለ። ተመዝኖ የሚሸጥ አይብ 89 ሲል ደግሞ ለ100 ግራም ሊሆን ይችላል፣ ኪሎው 890 መጣ ማለት ነው! ካሸሯ መደርደሪያው ላይ ካለው በላይ ከጠየቀች የዋጋውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ኃላፊ አስጠሩ። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፣ በተለጠፈው ዋጋ መሸጥ አለባቸው።

ገበያም ሆነ ሱቅ ሳትከፍሉ «ቼክ ቡዴት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ አለ ወይ ነው። የለም ካለ ጥላችሁት ውጡ። ያንኑ ጃኬት ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ ታገኙታላችሁ።